የትንሽ ትራክተር ጎማ ስንት ንፋስ ይሞላ? ከባሕር ዳር እስከ ፎገራና ቆጋ ላላችሁ ባለትራክተሮችና ሹፌሮች

ትራክተር የምትነዱ፣ የምታከራዩ፣ ወይም በማኅበር ተደራጅታችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች ይህችን ጽሑፍ ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጧት። ማሳ ዳር ቆማችሁ ስትጨቃጨቁ ትጠቅማችኋለች።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ጎማው ስንት ንፋስ ይሞላ? ብዙ ሰው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ "20 በሉት"፣ "30 ሙሉት" የሚል። ችግሩ አንድ ቁጥር የለም። ያለው አንድ ደንብ ነው፦ ትክክለኛው ንፋስ ማለት ጎማው የተሸከመውን ክብደት፣ በምትሄዱበት ፍጥነት፣ ሳይጎዳ ሊሸከም የሚችልበት ዝቅተኛው ንፋስ ነው። ከዚያ በታች ከወረዳችሁ ጎማው ይሞታል። ከዚያ በላይ ከወጣችሁ መሬቱ ይጠቀጠቃል፣ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፣ ናፍጣውም በከንቱ ያልቃል።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ዝቅተኛ ቁጥር እንዴት እንደምታገኙት ነው።

ጉዳዩ ለምን ከባድ ሆነ?

ጣና ዙሪያ ያለ ትራክተር አንድ ማሳ ላይ ተቀምጦ አይውልም፤ ኑሮው ኪራይ ነው። ጠዋት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ረፋድ ላይ ፎገራ ጭቃ ውስጥ፣ በሌላ ሳምንት ደግሞ መራዊ አጠገብ ቆጋ መስኖ ቀይ አፈር ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። አስፋልቱ ጠንካራ ጎማ ይፈልጋል፤ ጭቃው ለስላሳ። አንድ ትራክተር፣ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎት።

ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ባረሰው መሬት ልክ ነው። መንገዱን ቶሎ ለመጨረስ ጎማውን ጥርር አድርጎ ይሞላና እንደዛው ማሳ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ንፋሱን የሚወስነው ሹፌሩ ነው፤ የተጠቀጠቀውን መሬት ይዞ የሚቀረው ግን ገበሬው ነው። ሹፌሩ ወደ ቀጣዩ ማሳ ሲሄድ፣ ጉዳቱ በሚቀጥለው ቡቃያ ላይ ነው የሚታየው።

ትናንሽ ትራክተሮች ደግሞ እየበዙ ነው የመጡት። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረው ፕሮጀክት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ለአነስተኛ ገበሬዎች ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ሲያስተዋውቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነጻ እንዲገቡ ፈቀደ። ማሽኑ መጣ። ስለ ጎማው ንፋስ የሚያስረዳ ሰው ግን እንደ ማሽኑ ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ የናንተ ትራክተር የትኛው ነው?

እዚህ "ትንሽ ትራክተር" የምንለው ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ዎኪንግ ትራክተር ነው፤ ባለ ሁለት ጎማው፣ ከኋላው ሆነህ እጀታውን ይዘህ የምትከተለው። ብዙዎቹ ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሲሆኑ፣ ጎማቸው አብዛኛውን ጊዜ 6.00-12 የሚባለው ነው።

ሁለተኛው ባለ አራት ጎማው ነው፤ ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ተቀምጠህ የምትነዳው። የኋላ ጎማው ትልቅ፣ የፊቱ ትንሽ ነው። የፊት ጎማዎቹም ኃይል የሚያገኙ (ፎር ባይ ፎር) ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም ለመሪ ብቻ የሚያገለግሉ።

ከዚህ በላይ ያሉት ትላልቅ ትራክተሮች ደንባቸው ያው ቢሆንም ቁጥራቸው ይለያል።

ጎማው ራሱ ምን ይላል?

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሦስት ነገር ፈልጉ።

መጠኑ፦ ለምሳሌ 11.2-24 ካለ፣ የጎማው ወርድ 11.2 ኢንች፣ ቸርኬው ደግሞ 24 ኢንች ነው ማለት ነው። በመሃል ያለችው ሰረዝ ጎማው ተራ (ባያስ) መሆኑን ትናገራለች። በሰረዙ ቦታ የ"አር" ፊደል ካለ ራዲያል ነው። ራዲያል ጎኑ ስለሚለሰልስ በዝቅተኛ ንፋስ መሥራት ይችላል። ተራው ጎማ ግን በጣም ሲቀንሱበት ይተጣጠፋል።

የንብር ቁጥር (ፕላይ)፦ 4፣ 6፣ 8 እያለ ይሄዳል። ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ብዙ ንፋስና ብዙ ክብደት ይችላል ማለት ነው። ይችላል ማለት ግን ያስፈልገዋል ማለት አይደለም።

ከፍተኛው ንፋስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው የንፋስ ቁጥር ጣሪያ ነው። "ይህን ሙሉ" ሳይሆን "ከዚህ አትለፉ" ነው የሚላችሁ። ጎማው ሊሸከም የሚችለውን ትልቁን ክብደት ሲሸከም የሚያስፈልገው ቁጥር ነው፤ ትንሽ ትራክተር ደግሞ በተለመደው ሥራ ያን ያህል አይሸከምም።

አሃዶቹ እንዳያምታቷችሁ

ጎሚስታው ጋ ያለው መለኪያ ፒኤስአይ ይላል፤ የቻይናው መመሪያ መጽሐፍ በኪሎ ይናገራል፤ የአውሮፓው ባር ይላል፤ ሌላው ኪሎፓስካል። ይህችን ብቻ ያዙ፦

1 ባር = 100 ኪሎፓስካል = 14.5 ፒኤስአይ
1 ኪሎ (በካሬ ሴንቲ ሜትር) = 14.2 ፒኤስአይ

ስለዚህ መመሪያው "1.4 ኪሎ" ካለ 20 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ባርና ኪሎ በጣም ስለሚቀራረቡ ማሳ ላይ እንደ አንድ ብትቆጥሯቸው ብዙ አትጎዱም።

መነሻ ቁጥሮች

የትራክተራችሁ መመሪያ መጽሐፍ ካለ እሱ ይቀድማል። ከጠፋም ሞዴሉን ጽፋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፤ የብዙዎቹ ይገኛል። እስከዚያ ድረስ አብዛኞቹ ትናንሽ ትራክተሮች የሚሠሩት በእነዚህ ክልሎች ውስጥ ነው፦

የባለ አራት ጎማው የኋላ ጎማ፦ ከ12 እስከ 20 ፒኤስአይ
የፊት ጎማ፣ ፎር ባይ ፎር ከሆነ፦ ከ18 እስከ 30 ፒኤስአይ
የፊት ጎማ፣ ለመሪ ብቻ ከሆነ (ቀጭኑ፣ ዙሪያውን መስመር ያለው)፦ ከ25 እስከ 40 ፒኤስአይ
ዎኪንግ ትራክተር፣ 6.00-12፦ ከ15 እስከ 28 ፒኤስአይ

የታችኛው ቁጥር ለማሳ ነው፤ የላይኛው ለመንገድና ለተሳቢ። ጎማችሁ ተራ ከሆነና መመሪያው ካልፈቀደ ከ12 በታች አትውረዱ። ለምን የሚለውን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

መመዘን፦ ግምቱን የሚያስቀረው

ከመነሻ ቁጥር ወደ ትክክለኛው ቁጥር የሚወስደው መንገድ ሚዛን ነው። የከባድ መኪና ሚዛን ባለበት ሁሉ ትራክተራችሁን በአንድ ዙር መመዘን ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አቁሙ፤ ማረሻው ከኋላ ተነሥቶ ተንጠልጥሎ። ማረሻው ሲነሣ ክብደቱ በሙሉ ኋላ ላይ ስለሚያርፍ፣ የኋላ ጎማ በጣም የሚከብድበት ሰዓት ያ ነው። ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹን ብቻ መዝኑ፤ ማረሻው ወርዶ መሬት ነክቶ። የፊቱ የሚከብደው ያኔ ነው። ፊት ለፊት የአፈር ማንሻ ባልዲ ካለውም ባልዲውን ሞልታችሁ መዝኑ። ሹፌሩም ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ እሱም ክብደት ነው።

ከዚያ ለሁለት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ኋላው 1,240 ኪሎ ቢመጣ አንዱ ጎማ 620 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። የጎማው አምራች የሚያወጣው ሠንጠረዥ ውስጥ ገብታችሁ በጎማችሁ መጠን ረድፍ 620 ኪሎ ለመሸከም የሚበቃውን ትንሹን ንፋስ ትፈልጋላችሁ። ቁጥራችሁ እሱ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ፍጥነትም አለ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የሚበቃው ንፋስ፣ 30 ስትሄዱ አይበቃም። ምክንያቱም ጎማው ሲሽከረከር ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፤ ፍጥነት ሲጨምር ሙቀቱ ንብሮቹን ያላቅቃል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይሞሉ፤ ሁለቱ የፊቶቹም እንዲሁ። ፎር ባይ ፎር ከሆነ ደግሞ የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ተሰልተው ነው የተሠሩት። የፊቱ ጎማ ከኋላው በጥቂቱ ቀድሞ እንዲጎትት ተደርጎ ነው የሚሠራው። አንዱን ብቻ በጣም ብታለሰልሱ ወይም መጠኑ የተለየ ጎማ ብትገጥሙ ሁለቱ እየተጓተቱ ጊሩንም ጎማውንም ይበላሉ። አስፋልት ላይ ስትወጡ ፎር ባይ ፎሩን አጥፉት።

መሬቱ፦ ፎገራ፣ ቆጋ፣ አስፋልት፣ ተዳፋት

ጎማ መሬቱን የሚጫነው በውስጡ ባለው ንፋስ ልክ ነው፤ በጎማው ጎን ጥንካሬ ምክንያት ጥቂት ይጨምርበታል። 15 ፒኤስአይ ያለው ጎማ የላይኛውን አፈር 15ና ትንሽ ከዚያ በላይ ይጫነዋል። ንፋሱን ስትቀንሱ ጎማው ይተኛል፣ የሚረግጠው ቦታ ይሰፋል፣ ጫናው ይቀንሳል፣ ብዙ ጥርስ መሬት ይይዛል።

"በሬም እኮ ይረግጣል" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የበሬ ሰኮና ጠባብ ስለሆነ ላዩን ላይ ጫናው ቀላል አይደለም። ልዩነቱ ጥልቀቱ ላይ ነው። የላይኛውን አፈር የሚጎዳው የጎማው ንፋስ ሲሆን፣ የታችኛውን የሚጎዳው አጠቃላይ ክብደቱ ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ትራክተር ወደ ታች የሚልከው ጫና በሬ ከሚልከው የራቀ ነው። ንፋስ መቀነስ የላዩን ያድናል፤ የታችኛውን የሚያድነው ግን ማቅለልና እርጥብ መሬት ላይ አለመግባት ብቻ ነው። ይህን ማምታታት አያስፈልግም።

ፎገራ፦ ርብና ጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት ሜዳ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሩዝ እዚህ ልዩ ነገር አለው። ለሩዝ ማሳው ሲቦካ ከስር ጥቅጥቅ ያለ ንብር መኖሩ ውሃው እንዳይሰርግ ስለሚረዳ አይጠላም። ስለዚህ "ለሩዝ ነው፣ ይጠቅጠቅ" የሚል ሰው ከነጭራሹ ተሳስቷል አይባልም። ግን ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል፤ ፓምፕ ያለው ደግሞ ሽንኩርት ይተክላል። የእነዚህ ሥር ያን ደረቅ ንብር ሰብሮ መውረድ አለበት። ለሩዙ የተመቸው ለሽንኩርቱ ጠላት ነው። በዛ ላይ ሩዝ ሲታጨድ መሬቱ ገና እርጥብ ሆኖ ተሳቢ ጭኖ መግባት ከሁሉ የከፋው ነው። ስለዚህ እዚህ የማሳውን ታችኛ ቁጥር ያዙ፤ ጭነቱን ከፋፍሉ፤ ተመሳሳይ መስመር ላይ ተመላለሱ እንጂ ማሳውን ሁሉ አትርገጡ።

ጭቃው ጉልበት ድረስ ከሆነ ደግሞ ንፋስ ምንም አይሠራም። እዚያ ዎኪንግ ትራክተር ላይ የሚገጠመው የብረት ጎማ ነው መፍትሔው። ጎማ እያለሰለሱ ጭቃ ውስጥ መቆፈር ማሽኑን መቅበር ነው።

ቆጋ፦ 7,000 ሄክታር ገደማ የሚያለማው መስኖ፣ አብዛኛው አፈሩ ቀይ ነው። ቀይ አፈር ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ "ይችላል" ይባላል። ትራክተሩም እንደ ፎገራ አይሰምጥም። የሚያታልለውም ይሄው ነው። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ የላይኛውን ጥቅጥቅታ በከፊል ራሱ ያላላዋል። ቀይ አፈር ግን እንደዚያ አይሰነጠቅም፤ አንዴ ከተጠቀጠቀ የሚቆይበት ዕድሜ ይረዝማል። በዛ ላይ በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ያረሰው የበሬ ማረሻ ራሱ ከስሩ ደረቅ ንብር ትቶ ሊሆን ይችላል። ትራክተሩ እሱን ሊሰብር ነው የመጣው፤ ሊጨምርበት አይደለም። መስኖ ባጠጡ ማግስት አትግቡ።

መግባት አለመግባቱን በእጃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አፈር አውጡና በመዳፋችሁ አንከባሉት። እንደ ክር ቀጥኖ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን ሳይቆረጥ ከተንከባለለ መሬቱ ገና ነው፣ ተመለሱ። ከዚያ በፊት ፍርክስ ካለ ግቡ። ለሩዝ ሆን ተብሎ የሚቦካው ማሳ ብቻ ነው ከዚህ ደንብ ውጭ።

አስፋልትና ኮረት፦ ከባሕር ዳር ወረታ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ያህል መንገድ በማሳ ንፋስ ከሄዳችሁ ጎማው ይሞቃል፣ የጠርዙ ጥርስ ያልቃል። የመንገድ ንፋስ ሙሉ፣ ማሳ ስትደርሱ ቀንሱ። መሃሉ ብቻ እያለቀ ከሆነ ንፋሱ በዝቷል፤ ግራና ቀኙ እያለቀ ከሆነ አንሷል። ጎማው ራሱ ይነግራችኋል።

ተዳፋት፦ ለስላሳ ጎማ ተዳፋት ላይ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ትራክተር ሲገለበጥ ደግሞ ቀልድ የለውም። ቁልቁለትና ጎን ለጎን የሚታረስ መሬት ላይ ከታችኛው ቁጥር ትንሽ ከፍ በሉ፤ ከባድ ነገር ወደ ላይ አንሥታችሁ አትዙሩ።

ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በኖራ ምልክትና በእርምጃ

ይህች ሙከራ ምንም ገንዘብ አትጠይቅም። የኋላ ጎማው ላይ በኖራ አንድ ምልክት አድርጉ። በዛው ማሳ ላይ ማረሻውን አንሥታችሁ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር ሂዱ፤ ርቀቱን ለኩ። ቀጥሎ እያረሳችሁ ያንኑ 10 ዙር ሂዱ፤ ርቀቱን ለኩ።

ለምሳሌ ሳታርሱ 36 ሜትር፣ እያረሳችሁ 31.5 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 4.5 ሜትር ነው። 4.5ን ለ36 ስታካፍሉ 12.5 በመቶ። ይህ ማለት ጎማው ከዞረው ውስጥ 12.5 በመቶ የሚሆነው በከንቱ ነው የዞረው።

ፎር ባይ ፎር ከሆነ ከ8 እስከ 12 በመቶ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ናፍጣ እያቃጠላችሁ አፈር እያቦካችሁ ነው። ንፋሱን እስከ ታችኛው ገደብ ቀንሱና ድገሙ፤ ካልተሻሻለ የማረሻውን ጥልቀት ቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ ነው ክብደት መጨመር የሚታሰበው። ከ8 በታች ከወረደ ደግሞ ትራክተሩ ያለ አግባብ ከብዷል፤ ተጨማሪ ብረት ካለው አውርዱ። ጎማ ጥቂት መንሸራተቱ ጤና ነው፤ ጭራሽ ካልተንሸራተተ ጭንቀቱን የሚሸከመው ጊሩ ነው።

ከፍታና ሙቀት፦ ባሕር ዳር ጅቡቲ አይደለችም

መለኪያው የሚያሳየው የጎማው ውስጥ ንፋስ ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የውጭው አየር ይሳሳል። በጅቡቲ ወደብ 12 ፒኤስአይ የነበረ ጎማ፣ ማንም ሳይነካው ባሕር ዳር ሲደርስ 15 ገደማ ያሳያል። አዲስ ትራክተር ደግሞ ሲጓጓዝ እንዳይወዛወዝ ጎማው ከፍ ተደርጎ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ትራክተር ስትረከቡ የመጀመሪያው ሥራችሁ ንፋሱን መለካት ይሁን። "ከፋብሪካው እንዲህ ነው የመጣው" መልስ አይደለም።

ከጣና ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡም ከ1 ፒኤስአይ ትንሽ በላይ ይጨምራል። ለመኪና ምንም አይደለም፤ 12 ለሚሞላ ጎማ ግን አንድ አሥረኛ ነው።

ሙቀትም እንደዛው። በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ የለካችሁት ጎማ ከሰዓት 15 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ይጨምራል። ሥራ ላይ የዋለ ጎማ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ትራክተሩ ሳይንቀሳቀስ ለኩ። ሲሞቅ ለክታችሁ "በዛ" ብላችሁ ካስተነፈሳችሁ ማታ ሲበርድ አንሶ ታገኙታላችሁ።

መለኪያ፣ ፓምፕና ጎሚስታ

የጎሚስታው መለኪያ የተሠራው ለአይሱዙና ለሲኖትራክ ነው፤ እስከ 100ና ከዚያ በላይ ያነባል። እሱ ላይ 12ና 16ን መለየት ከባድ ነው። የራሳችሁን ዝቅተኛ መለኪያ፣ እስከ 30 ፒኤስአይ (2 ባር) ድረስ የሚያነበውን ግዙ። ከትራክተሩ ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም።

ማሳ ላይ ቀንሳችሁ ስትመለሱ የምትሞሉበትም ያስፈልጋል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ለዎኪንግ ትራክተር ጎማ ጠንካራ የብስክሌት ፓምፕና ትንሽ ላብ ይበቃል፤ ቫልቩ መግጠሙን ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለትልቁ የኋላ ጎማ ግን ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዙ።

በየቀኑ መሙላትና መቀነስ ካልቻላችሁስ? ሁለት ምርጫ አለ። ትራክተሩን በመኪና ጭናችሁ ውሰዱ፤ ወይም ማሳው ቅርብ ከሆነ በማሳ ንፋስ፣ ያለ ተሳቢ፣ በዝግታ ሂዱ። በማሳ ንፋስ መፍጠን ግን የለም።

ንፋስ ስትቀንሱ ይህችን አትርሱ፦ ጎማውና ቸርኬው ላይ የምታልፍ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር አስምሩ። ንፋሱ ከመጠን በላይ ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፤ መስመሯ ትሰበራለች። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ ደግሞ ቫልቩን ቆርጦ ይጥለዋል። ከ12 በታች አትውረዱ ያልናችሁ ለዚህ ነው። መስመሯ ከተሰበረች ንፋስ ጨምሩ።

ደህንነት፦ አዲስ ጎማ ቸርኬው ላይ ሲያዝ ከ35 ፒኤስአይ አታሳልፉ፤ ብዙ የእርሻ ጎማዎች ላይም ተጽፏል። እዚያ ደርሶ ካልያዘ አስተንፍሱ፣ ሳሙና ቀቡ፣ እንደገና ጀምሩ። ስትሞሉ ጎማው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ራቅ ብላችሁ በረጅም ቱቦ ሙሉ። ንፋስ ያለበት ጎማ የተገጠመበትን ቸርኬ አትበይዱ። ቤንዚን ረጭቶ በእሳት ጎማ ማስያዝ የሚባለውን ቪዲዮ ያያችሁ ካላችሁ፣ እዛው ስልክ ላይ ይቅር። ሰው ይሞታል።

ጎማ ውስጥ ውሃ ስለመሙላት

ለክብደት ብለው የኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ የሚሞሉ አሉ። ይሠራል። ቫልቩን ወደ ላይ አድርጋችሁ እስከ ቫልቩ ድረስ ስትሞሉ ሦስት አራተኛው ውሃ ይሆናል፤ የቀረው ንፋስ ነው። ጣና ዳር ስለማይበርድ ተራ ውሃ ይበቃል። ጉና አካባቢ ለሚሠራ ግን ሌሊት ሊረጋ ይችላል።

ሁለት ነገር ግን እወቁ። ንፋስ የሚይዘው ቦታ ስለሚያንስ ጎማው እንደ ልቡ አይተኛም፤ ለስላሳነቱን ታጣላችሁ። ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ ቋሚ ክብደት ነው፤ ፎገራ ጭቃ ላይ ስትደርሱ እንደ ብረት ክብደት አውርዳችሁ አታስቀምጡትም። የምትሠሩት እርጥብ መሬት ላይ ከሆነ ባይሞላ ይሻላል።

ማነው የሚወስነው?

ወደ ዋናው እንመለስ። እስከዛሬ በትራክተር ኪራይ ስምምነት ላይ የሚነሣው ዋጋ፣ ቀንና ናፍጣ ነው። ንፋስ አይነሣም። መነሣት አለበት። ባለመሬቱ "ማሳዬ ሳትገባ ጎማህን ለካልኝ" ቢል ነውር የለውም፤ በሬ የሚያከራይ ሰው ቀንበሩን አስተካክል ቢባል እንደማይቀየም ሁሉ። ሹፌሩም ቢሆን ያተርፋል። ጎማው ካልተንሸራተተ በዛው ናፍጣ ብዙ መሬት ያርሳል፤ በማግስቱም ይጠራል።

የበለጠ ለማወቅ የምትፈልጉ ወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል፣ እንዲሁም መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የአፈርና የሜካናይዜሽን ባለሙያዎች አሏቸው። ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጎማችሁን ፎቶም አትርሱ።

ለስክሪንሾት፦

1. ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ በዝቅተኛ መለኪያ ለኩ።
2. ጎማው ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ ቁጥራችሁ የሚገኘው ከክብደትና ከፍጥነት ነው።
3. ለመንገድ ጨምሩ፣ ለማሳ ቀንሱ፣ ለተዳፋት ትንሽ ከፍ በሉ።
4. አፈሩ እንደ ክር ከተንከባለለ አትግቡ።
5. 10 ዙር ቁጠሩ፤ ከ15 በመቶ በላይ ከተንሸራተተ አቁማችሁ አስተካክሉ።
6. የቀለም መስመሯ ከተሰበረች ንፋሱ አንሷል።

ትራክተር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ላኩለት። ትራክተር የሚከራይ አባት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ አንብቡላቸው።